የቦርከና ጥምዝምዞች፦ ስለ ወንዙ አፈጣጠርና አጠባበቅ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከኮምቦልቻ ተነስቶ በሐርቡ በኩል ወደ ከሚሴ የሚሄድ መንገደኛ ቦርከናን አንዴ ከአስፋልቱ ሥር፣ አንዴ ደግሞ ከማሽላው ማሳ ባሻገር በሩቁ ያየዋል። ወንዙ ቀጥ ብሎ መፍሰስ እንደማይወድ ለማወቅ የጂኦሎጂ ትምህርት አያስፈልግም፤ ለምን እንደዚያ እንደሚፈስና ያ አፈሳሰሱ ለምን መጠበቅ እንዳለበት ግን ብዙ ጥያቄ ይነሳል። ከዚህ በታች የተሰበሰቡት ከተማሪዎች፣ ከገበሬዎችና በወንዙ ዳር ቤት ከሠሩ ነዋሪዎች አፍ በብዛት የሚሰሙት ናቸው።

ቦርከና ከየት ተነስቶ የት ይደርሳል?

ቦርከና ከደሴ በላይ፣ በኩታበር አቅጣጫ ካሉት ከፍታዎች ይነሳል፤ ደሴን አቋርጦ በጠባብና ገደላማ መውረጃ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ በ2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ በ1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ በአስፋልቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆነው በዚህ ርቀት ውስጥ ወንዙ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል ማለት ነው። ከኮምቦልቻ በኋላ ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ በጨፋ ሜዳ ላይ እየተንጣለለ ያልፍና በመጨረሻ አዋሽን ይቀላቀላል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ብዙ ሰው የሚገምተው በስህተት ነው። ወንዝ ሁሉ ወደ ባሕር ይሄዳል ተብሎ ስለሚታሰብ ቦርከናም ቀይ ባሕር ወይም ኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚገባ ይመስለናል። አዋሽ ግን 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው ጨዋማው የአቤ ሐይቅ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ መውጫ የለውም። ስለዚህ ከደሴ አጠገብ ባለው በጦሳ ተራራ ላይ የዘነበው ዝናብ እዚያ ድረስ ከዘለቀ፣ መጨረሻው በአፋር ፀሐይ መትነን ነው።

ወንዙ ለምን ይጠማዘዛል?

ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ባለው መውረጃ ወንዙ ኃይሉን የሚያጠፋው አለቱን በመቦርቦርና ድንጋይ በማንከባለል ነው፤ ወደ ጎን ለመንቀሳቀስ ቦታም ጊዜም የለውም። ሜዳው ላይ ሲደርስ ግን ተዳፋቱ በድንገት ይላላል፣ ዳሩም ከአለት ወደ ደለል ይለወጣል። ደለል በቀላሉ ስለሚናድ አንዲት ትንሽ ምክንያት፣ ለምሳሌ የወደቀ ግንድ ወይም ጠንከር ያለ የዋልካ አፈር ጉብታ፣ ውሃውን ወደ አንድ ወገን ገፋ ካደረገችው ጥምዙ ይጀምራል፤ ከጀመረም በኋላ ራሱን በራሱ ያሳድጋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ውሃው በጥምዙ ሲያልፍ ላይ ላዩ ያለው ፈጣን ክፍል ወደ ውጭኛው ዳር ይገፋል፤ እዚያ ሲደርስ ወደ ታች ይጠልቅና በወንዙ ወለል ላይ ወደ ውስጠኛው ዳር ይመለሳል። ወንዙ ወደፊት እየፈሰሰም እንደሚፈተል ገመድ በራሱ ላይ ይዞራል ማለት ነው። ወደ ታች የጠለቀው ውሃ የውጭኛውን ዳር ከሥሩ ይበላዋል፤ ሲመለስ የያዘውን አሸዋና ጠጠር በውስጠኛው ዳር ያራግፋል። በዚህም ምክንያት በአንዱ ወገን ቀጥ ያለ ገደል፣ በሌላው ወገን እንደ ምላስ የወጣ የአሸዋ ክምር ፊት ለፊት ይታያሉ። በብዙ አገሮች ወንዞች ላይ እንደተለካው አንድ ሙሉ ጥምዝ፣ ማለትም አንድ የግራና አንድ የቀኝ መታጠፊያ፣ ከወንዙ ስፋት ከ10 እስከ 14 እጥፍ የሚሆን ርዝመት አለው። ወንዙ 20 ሜትር ስፋት ባለው ቦታ ጥምዙ ከ200 እስከ 280 ሜትር ይዘልቃል ተብሎ ቢጠበቅ እንግዲህ ከእውነቱ ብዙ አይርቅም።

ጥምዙ እያደገ ሲሄድ ሁለቱ ክንዶቹ አንገት ለአንገት ይቀራረባሉ፤ አንድ ቀን ክረምቱ ሲጠነክር ውሃው አንገቱን በጥሶ አቋራጭ ያበጃል። ተቆርጦ የቀረው ጥምዝ የማጭድ ቅርጽ ያለው ኩሬ ይሆንና ቀስ በቀስ በፊላና በጭቃ ይሞላል።

ሸለቆው ራሱ እንዴት ተፈጠረ?

ቦርከና የሚፈስበት ሸለቆ ወንዙ ብቻውን የቆፈረው አይደለም። በደሴ ዙሪያ የምናያቸው ተራሮች በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ ፈስሶ በተደራረበ ባዛልት የተሠሩ ናቸው። ከዚያ በኋላ የአፋር መሬት እየተሳበና እየሳሳ ሲሰጥም የደጋው ምሥራቃዊ ጠርዝ በረጃጅም ስንጥቆች ተከፋፈለ፤ በሁለት ስንጥቆች መካከል ያለው መሬት ወርዶ በጠርዙ ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጉ ቦይ መሰል ስምጦችን ፈጠረ። የጂኦሎጂ ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ስምጥ ግራበን ይሉታል፤ የቦርከናውም በጽሑፎቻቸው ውስጥ በወንዙ ስም ይታወቃል። ቆቦንና ሐይቅን የያዙት ሜዳዎችም የዚሁ ሰንሰለት አካል ናቸው።

ወንዙ ከኮምቦልቻ በኋላ በባቲ አቅጣጫ ቀጥታ ወደ አፋር በመውረድ ፈንታ ወደ ደቡብ የሚታጠፈው በዚሁ ምክንያት ነው። በምሥራቅ በኩል ቀና ብሎ የቀረው ሸንተረር መንገዱን ይዘጋበታል፤ ስለዚህ በስምጡ ወለል ላይ እየተጓዘ መውጫ ይፈልጋል። ለብዙ ሺህ ዓመታት ከደጋው ያወረደው ድንጋይና አፈርም እዚያው ወለል ላይ ተጠራቅሞ ጥምዝምዞቹ የሚጻፉበትን ሜዳ ሠርቷል።

ስንጥቆቹ ዛሬም አልተኙም። በ1953 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ ላይ በዚሁ ጠርዝ በስተደቡብ፣ በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል፤ የአዲስ አበባና የአስመራን አውራ ጎዳናም ሰነጣጥቋል።

በወንዙ ዳር ያለው ደለል ምን ይነግረናል?

ውሃው ከቀነሰ በኋላ ከውጭኛው ዳር ትይዩ፣ በአሸዋው ምላስ ላይ ቆሞ ገደሉን መመልከት በቂ ነው። ከታች ድብልብል ጠጠር ይታያል፤ ይህ የድሮው የወንዝ ወለል ነው። ከእሱ በላይ አሸዋ፣ ከአሸዋው በላይ ደግሞ በበጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር ዋልካ ይከተላል። ጠጠሩ ኃይለኛ ውሃ፣ ዋልካው ደግሞ ሜዳው ላይ ተኝቶ የሰከነ የጎርፍ ውሃ ያስቀመጠው ነው። በአንድ ገደል ላይ ይህ ቅደም ተከተል ሁለትና ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ከታየ ወንዙ ያን ቦታ ሁለትና ሦስት ጊዜ ጥሎት ሄዶ ተመልሶበታል ማለት ነው። ከሁሉም በላይ ባለው ክንድ በማይሞላው ሽፋን ውስጥ ከጭቃው ጋር ተነባብሮ የፌስታል ቁራጭ ይወጣል፤ የኛን ዘመን ደለል ከቀደመው ለመለየት የላቦራቶሪ ምርመራ የማያስፈልገው ለዚህ ነው።

እንዲህ ያለ ደለል ምን ያህል ሊያቆይ እንደሚችል ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ድንቅነሽ እ.ኤ.አ. በ1974 በሐዳር የተገኘችው የጥንት ወንዞችና ሐይቅ ባስቀመጡት ደለል ውስጥ ነው፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ሲሆን፣ ያ አካባቢ ቦርከና የሚገብርለት የአዋሽ ወንዝ የታችኛው ሸለቆ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

የባሕር ሙላት የሚደርስበት ጠመዝማዛ የወንዝ አፍ ከቦርከና በምን ይለያል?

ጥያቄው የሚመጣው ከመማሪያ መጻሕፍት ነው፤ የጥምዝ ወንዝ ሥዕል ሲሳል ብዙ ጊዜ የሚሳለው ባሕር ዳር ስለሆነ ነው። ባሕሩ አሰብ ላይ እንዴት እንደሚሞላና እንደሚሸሽ በዚያ ወደብ የሠሩ ወይም በባቲና በሚሌ በኩል የተመላለሱ የወሎ ሹፌሮች ያውቁታል፤ በብዙ ባሕሮች ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ ያለው ጊዜ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው። ሙላቱ በሚደርስበት የወንዝ አፍ ውሃው በቀን አራት ጊዜ አቅጣጫውን ይለውጣል፤ ሁለት ጊዜ ከባሕር ወደ ላይ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ታች ይፈስሳል ማለት ነው። ስለዚህ ጥምዙ ከሁለቱም ወገን ይበላል፣ ከሁለቱም ወገን ይሞላል። ከዚህም ሌላ ጨዋማው ውሃ በወንዙ ውስጥ ተንሳፍፎ የሚመጣውን ደቃቅ ጭቃ እርስ በርሱ ያጣብቀዋል፤ የተጣበቀውም ጭቃ ከብዶ ስለሚሰጥም የወንዝ አፍ የጭቃ ሜዳ ይሠራል።

ቦርከና ሙላትም ጨውም የለውም፤ አቅጣጫውን አይለውጥም። በእሱ ዘንድ የሙላቱን ሥራ የሚሠራው ክረምት ነው፤ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ የሚያደርገውን እሱ በዓመት አንድ ጊዜ ከሐምሌ እስከ መስከረም ባሉት ሳምንታት ያደርገዋል። ጨፋ ላይ ሲደርስም ልክ ባሕር እንዳገኘ ወንዝ ተዘርግቶና ፍጥነቱን ጥሎ የተሸከመውን ደለል ያስቀምጣል። የወንዝ ጥምዝ በዓለም ዙሪያ ሚያንደር እየተባለ የሚጠራው በዛሬዋ ቱርክ ባለ፣ ጥንት ማያንድሮስ ይባል በነበረ ወንዝ ስም ነው፤ ያ ወንዝ በአፉ ላይ ባከማቸው ደለል የተነሳ የጥንቷ የሚሌጦስ ወደብ ዛሬ ከባሕሩ ኪሎ ሜትሮች ርቃ በየብስ ላይ ቀርታለች።

ወንዙን ቀጥ ማድረግ ጎርፍን አያስቀርም?

ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ በሩ ላይ የሚደርስበት ሰው ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ኤክስካቫተር አስገብቶ አንድ ሁለት ጥምዝ መቁረጥ በአንድ ሳምንት የሚያልቅ ሥራ ስለሆነ ለጊዜው ደስ ያሰኛል። ሒሳቡን ማየት ግን ተገቢ ነው። አንድ ወንዝ በ10 ኪሎ ሜትር ጥምዝምዝ ውስጥ 20 ሜትር ቢወርድ በየኪሎ ሜትሩ 2 ሜትር ይወርዳል፤ ጥምዞቹ ተቆርጠው ርዝመቱ 5 ኪሎ ሜትር ቢሆን ያው 20 ሜትር በአጭር መንገድ ስለሚያልቅ በየኪሎ ሜትሩ 4 ሜትር ይወርዳል። ተዳፋቱ እጥፍ ሲሆን ውሃው ይፈጥናል፣ ወለሉን ወደ ታች ይቆፍራል፣ ዳሩም ከሥሩ ተቦርቡሮ ይናዳል። የድልድይ ምሰሶ ሥሩ ባዶ ሆኖ የሚገኘውም አብዛኛውን ጊዜ በእንዲህ ያለ ምክንያት ነው። ጎርፉም አልቀረም፤ ከሰውየው በር ወደ ታችኛው ጎረቤቱ በር፣ በአጭር ሰዓትና በበለጠ ጉልበት ተላከ እንጂ።

ከትልልቆቹ ምሳሌዎች አንዱ በአሜሪካ ፍሎሪዳ የሚገኘው የኪሲሚ ወንዝ ነው። 166 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጠማዘዘ ይፈስ የነበረው ይህ ወንዝ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1971 በተሠራ ሥራ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ቦይ ተለወጠ፤ ረግረጉ ደረቀ፣ የውሃ ወፎቹም ተመናመኑ። በኋላ መንግሥት እንደገና ገንዘብ መድቦ የቦዩን ከፊል ርዝመት ሞላና ውሃውን ወደ ድሮ ጥምዞቹ መለሰ፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1999 ተጀምሮ የተጠናቀቀው በ2021 ነው። በዘጠኝ ዓመት የተቆረጠውን፣ ያውም በከፊል፣ ለመመለስ ከ20 ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ከባሕር ሙላት ጋር የተያያዘውን ጉዳይ ለሚወድ ደግሞ በደቡብ እንግሊዝ የሚገኘው የኩክሚር ወንዝ አፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ውሃው በአጠገቡ በተቆፈረ ቀጥ ያለ ቦይ እንዲያልፍ ስለተደረገ ውብ ጥምዞቹ ከባሕሩ ሙላት ተለይተው ቀሩ። ቅርጻቸው ዛሬም ይታያል፣ ጎብኚም ፎቶ ያነሳቸዋል፤ ነገር ግን የሚያድግ ጥምዝ ሳይሆን የቆመ ውሃ ሆነዋል። ስለዚህ ጥምዝን መጠበቅ ሲባል ቅርጹን ማቆየት ብቻ እንዳልሆነ ከኩክሚር መማር ይቻላል፤ የሚጠበቀው ውሃው ዳሩን የመብላትና ሌላውን የመሙላት ሥራውን እንዲቀጥል ነው። ሕንፃን ስንጠብቅ እንዳይለወጥ እንከላከላለን፤ ወንዝን ስንጠብቅ የሚለወጥበትን ቦታ እንተውለታለን።

የጨፋ ረግረግ ደርቆ ቢታረስ ምን ይጎዳል?

ጨፌ የሚለውን ቃል የሚያውቅ ሰው ጨፋ ምን ዓይነት መሬት እንደሆነ ከስሙ ይገምታል። ክረምት የመጣው ውሃ እዚያ ተኝቶ ስለሚቆይ የጎርፉ ጉልበት ይበርዳል፣ ደለሉ ይጠላል፣ ከሥር ያለው የጉድጓድ ውሃም ይሞላል። በበጋ ዙሪያው ሲደርቅ ከአፋርና ከአካባቢው ቆላ የሚመጡ አርብቶ አደሮች በሺዎች የሚቆጠሩ ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩት እዚሁ ነው፤ በድርቅ ዓመት ይህ ሣር በመኖርና ባለመኖር መካከል ያለ ልዩነት ይሆናል። እርሻው በሰፋ ቁጥር ግጦሹ ስለሚጠብ በአራሹና በአርቢው መካከል ያለው ጭቅጭቅም አብሮ ይጨምራል። በመስኖ ማረስ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ጉዳቱ የሚመጣው ረግረጉ በማፋሰሻ ቦይ ከነአካቴው ሲደርቅ ነው። የደረቀ ረግረግ አፈሩ ይሟሽሻል፣ ይሰምጣል፤ ውሃ የመያዝ አቅሙም እንደ ቀድሞው አይመለስም።

የፋብሪካ ፍሳሽ ከወንዙ ቅርጽ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ከሚመስለው በላይ ያገናኘዋል። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳና የቢራ ፋብሪካዎች ያሏት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀባት ከተማ ናት፤ በመካከሏ የሚያልፉት ጅረቶችም መድረሻቸው ቦርከና ነው። ቆዳ ለማልፋት የሚውለው ክሮሚየም በደንብ ሳይጣራ ከወጣ በውሃው ውስጥ ተሟሙቶ ብቻ አይሄድም፤ ከደቃቅ ጭቃ ጋር ተጣብቆ ጥምዙ ውስጥ፣ ረግረጉም ውስጥ ይቀመጣል። ዛሬ ውሃው ጠራ ማለት እንግዲህ ጉዳዩ አለቀ ማለት አይደለም፤ ከዓመታት በኋላ ወንዙ ያንን ዳር ሲበላ የተቀበረው ተመልሶ ይወጣል። ማንኛውም ሰው አካባቢን እንዳይበክል የሚከለክለው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ነው፤ አቤቱታ የሚያቀርብ ነዋሪም ይህንኑ አዋጅ መጥቀስ ይችላል።

ማሳዬ በወንዙ እየተበላ ነው፤ ምን ላድርግ?

በመጀመሪያ ማሳው ያለው በውጭኛው ወይስ በውስጠኛው ዳር እንደሆነ ይለዩ። በውስጠኛው ከሆነ ወንዙ እየሰጠዎት እንጂ እየወሰደብዎት አይደለም። በውጭኛው ከሆነ እስከ ጠርዙ ድረስ ማረስ ያቁሙ፤ ሥር የሌለው አፈር በመጀመሪያው ጎርፍ ይሄዳልና። ከጠርዙ ገባ ብሎ ጥቂት ሜትር መሬት ለዝሆኔ ሣር፣ ለቬቲቨር ወይም ለሸንበቆ ቢተው ሣሩ ለከብት መኖ ስለሚሆን መሬቱ ባዶውን አይቀርም። ባሕር ዛፍ ጠርዙ ላይ አይመከርም፤ ሲከብድና ነፋስ ሲያወዛውዘው ዳሩን ይዞት ይወድቃል።

ጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ቅርጫት፣ ድልድይን ወይም መንገድን ለማትረፍ ተገቢ ነው፤ ለአንድ ማሳ ብሎ መሥራት ግን ብዙ ጊዜ ውሃውን ወደ ተቃራኒው ባለማሳ ይመልሰዋል። ጎረቤት ከጎረቤት ተነጋግሮ፣ ከላይኛው ጥምዝ እስከ ታችኛው ያሉት ሁሉ አንድ ላይ ቢተክሉ የተሻለ ነው፤ አንዱ ብቻውን የሠራው ጫፉ ላይ ተሰርስሮ ሲወድቅ በተደጋጋሚ ታይቷል።

ከወንዙ አሸዋ ማውጣትስ?

አሸዋ ሲወጣ ወንዙ ጉድጓዱን ለመሙላት ከላይ ይቆፍራል፤ መቆፈሩ ወደ ላይ እየተጓዘ ዳሮችንና የድልድይ ምሰሶዎችን ይደርሳል። ፈቃድ ያለውም ቢሆን ከድልድይ አጠገብና ከውጭኛው ዳር ሥር ማውጣት የለበትም።

ደሴ ላይ የሚኖር ሰው ይህ ምን ያገባዋል?

ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል በተዳፋት ላይ የተቀመጠች፣ የመሬት መንሸራተት ደጋግሞ የሚያስቸግራት ከተማ ናት፤ እያንዳንዱ መንሸራተትና እያንዳንዱ ቦረቦር ለቦርከና የሚጨምረው ጭነት አለው። ወንዙ መሸከም ከሚችለው በላይ አፈር ሲመጣበት ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ወለሉ ከፍ ይላል፤ ወለሉ ከፍ ያለ ወንዝ ደግሞ በትንሽ ዝናብ ይገነፍላል። በቦዩ የተጣለው የፕላስቲክ ጠርሙስም በየድልድዩ ሥር እየተወተፈ ይህንኑ ያባብሰዋል። ጨፋ ላይ ያልቀረው አፈር ከአዋሽ ጋር ተጉዞ ተንዳሆ ግድብ ድረስ ይወርዳል። በደሴ ተዳፋት ላይ የተሠራ አንድ እርከን እንግዲህ በአፋር ያለን የመስኖ ውሃ ይጠብቃል።

ተማሪዎችን ይዞ ለማሳየት የሚመቸው ጊዜ መቼ ነው?

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ድረስ ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ ውሃው ወርዶ አዲሱ የአሸዋ ምላስ ገና ሳር አልያዘም፣ የገደሉም ሽፋኖች በክረምቱ ታጥበው ጥርት ብለው ይታያሉ። ተማሪዎቹ በውስጠኛው ዳር፣ በአሸዋው ላይ ይቁሙ፤ በውጭኛው ገደል ጠርዝ ላይ ማንም እንዳይቆም፣ ከሥሩ ተቦርቡሮ ላይ ላዩን ብቻ የቀረ ስለሚሆን ሳያስጠነቅቅ ይናዳል። አንድ እንጨት በውሃው ጫፍ ተክለው ከገደሉ ጠርዝ ያለውን ርቀት በገመድ ለክተው ቢጽፉና በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወር ተመልሰው ቢለኩ፣ ወንዙ በአንድ ክረምት ስንት እርምጃ እንደሄደ በራሳቸው ደብተር ላይ ያገኙታል። እንጨቱ ግን እዚያ ይቆየናል ብለው አይጠብቁ፤ መነሻ የሚሆናቸው ከወንዙ ራቅ ያለ ትልቅ ዛፍ ወይም የመንገድ ድንጋይ ቢይዙ ይሻላል።